ተወካያችን በክልሉ ምክር ቤት ስለ ወንዛችን ተናገረች፤ ከዚህ በኋላ የኛ ድርሻ ምንድን ነው?

የወንዝ ማዶ ልጅ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የተወለድኩት ከወንዝ ማዶ ካሉት ሦስት ቀበሌዎች በአንዱ ነው። የወረዳችንን ስም አልጠራም። የማወራላችሁ ሴት በቀላሉ ትታወቃለች፤ ሳላስፈቅዳት ስሟን አደባባይ ማውጣት አልፈልግም።

ወንዛችን በበጋ ከጉልበት አያልፍም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ጤና ጣቢያው ወዲያ ማዶ ነው። ገበያው ወዲያ ማዶ ነው። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤቱም ወዲያ ማዶ ነው። ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመን ወረድን፤ ውሃው ሞልቷል። ከሾላው ሥር አስቀምጠናት አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ይዘንባል። ላስቲኩን በአራት ማዕዘን ወጥረን የያዝነው እኔና ሦስት የሰፈር ልጆች ነን። ክንዳችን ሲዝል እንቀያየራለን። እናቷ ድንጋይ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ ውሃው ጎደለ አልጎደለ እያለች ታያለች። እግዜር ይመስገን እሷም ልጁም ተርፈዋል። ያልተረፉ ግን አሉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የክልሉ ምክር ቤት ጉባኤ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሻይ ቤት ነበርኩ። ተወካያችን መምህርት ናት። ዕድል ሲሰጣት ተነሳች። ወረቀት አልያዘችም። ሦስቱን ቀበሌዎች አንድ በአንድ በስማቸው ጠራች። ዕድሜዬን ሙሉ የቀበሌዬን ስም በቴሌቪዥን ሰምቼ አላውቅም። በክረምት ስንት ወር እንደምንቆረጥ ተናገረች፤ ስለ ወላዶች ተናገረች፤ በመጨረሻ ድልድዩ በየትኛው ዓመት በጀት እንደሚያዝ ጠየቀች። ሻይ ቤቱ ፀጥ አለ። አስተናጋጁ ብርጭቆ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

መልሱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የመንገድ ቢሮው ኃላፊ የአሥራ ምናምን ሰው ጥያቄ አንድ ላይ ነው የመለሱት። የኛ የደረሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፦ በጥናት ላይ ነው፣ የበጀት አቅም ታይቶ ይሠራል።

ጥያቄዬ ይኸው። እዚያ የተባለው ነገር የሆነ ቦታ ይጻፋል? ወይስ ከአየር ላይ ጠፍቶ ይቀራል? እኛስ ምን ብናደርግ ነው ንግግሯ መሬት የሚነካው? የምታውቁ አስረዱኝ።


አዝመራ | ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ሕመምህ ገብቶኛል። ግን ተስፋህን ብዙ አታንጠልጥል። የኛ ከተማ የውሃ ጥያቄ በሦስት የተለያዩ ተመራጮች ተነስቷል። ሦስቱም ጊዜ መልሱ አንድ ነው። እናቴ ዛሬም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ቢጫ ጀሪካኗን ወረፋ ላይ ታስቀምጣለች። ሌላው ሰው ያስቀመጠው ደግሞ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ የሰው ምትክ ነው። እንዲህ እየኖርክ ጉባኤ ማየት ያማል።


የማርታ እናት | ሰኞ ማታ

መምህርቷን እግዜር ይስጥሽ በሉልኝ። እኔም በቃሬዛ ሄጄ የወለድኩ ነኝ። ስለዚህ ነገር በዚያ አዳራሽ ውስጥ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው መኖሩ ብቻውን ልቤን ሞላው።


ሂሳብ ሹም | ማክሰኞ ጠዋት

በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ገንዘቡ በየት በየት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ ይሄ ካልገባን ጥያቄያችን ሁሌ የተሳሳተ በር ነው የሚያንኳኳው።

ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል። ማከፋፈያውን ቀመር የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ወረዳ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ የመምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ ደመወዝ። ከዚያ ተርፎ ለግንባታ የምትቀረው እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ስለዚህ ወረዳ ሄዶ ድልድይ ሥሩልን ማለት ሹሙን ማስጨነቅ እንጂ ሌላ ፋይዳ የለውም። ድልድይ የክልሉ የካፒታል በጀት፣ ማለትም ለግንባታ የሚያዘው ገንዘብ፣ ጉዳይ ነው። መምህርቷ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያነሳችው።

ትልቁ ችግር ጊዜው ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ ላይ ምክር ቤቱ በጀት ሊያጸድቅ ሲቀመጥ ሰነዱ ተጠርዞ አልቋል። እዚያ ቀን ተነስተህ ድልድይ ብትል ማን ያስገባልሃል? ከየትኛው ፕሮጀክት ተቀንሶ? ጥያቄው በዝርዝሩ ውስጥ መግባት ያለበት ቢሮዎች ዕቅዳቸውን በሚያዘጋጁበት ወቅት ነው፣ ወራት ቀደም ብሎ። የጉባኤው ንግግር ለዚያ ግፊት ይሆናል። ምትኩ ግን አይሆንም።

ሌላ ነገር። በጥናት ላይ ነው ሲሉህ ጥናቱ ማን ጋ ነው ብለህ ጠይቅ። ጥናት ካለ የደብዳቤ ቁጥር አለው። ቁጥር ከሌለው ጥናት የለም ማለት ነው።


የጎንደር ልጅ | ማክሰኞ

ሂሳብ ሹም፣ በሩን ማወቅ ያልከው ልክ ነው። ጎንደርን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የጠጣችው ከአንገረብ ግድብ ነው። አንገረብ በደለል እየተሞላ፣ የከተማው ሕዝብ ደግሞ እየጨመረ መጣ። ትልቁ ተስፋ የመገጭ ግድብ ነበር። ይሄ ፕሮጀክት የፌዴራል ነው። ለዓመታት ተጓተተ። እንግዲህ የክልል ምክር ቤት አባል ተነስቶ ስለ መገጭ ቢጠይቅ የክልሉ ቢሮ ምን ይላል? የፌዴራል ነው ይላል። የፌዴራሉን ስትጠይቅ ደግሞ ስርጭቱ፣ ቧንቧው የክልሉና የከተማው ነው ትባላለህ። መሀል ላይ ያለችው እንስራ ናት፣ ባዶዋን።

ጣና ላይ ያለው እምቦጭም እንዲሁ ነው። አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ ላይ ሲስፋፋ የደንቢያና የፎገራ ገበሬ በባዶ እጁ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቅሏል። የወረዳ ነው፣ የክልል ነው፣ የፌዴራል ነው እየተባለ በየመድረኩ ስንት ተወራ!

የወንዝ ማዶ ልጅ፣ ያንተ ወንዝ ዕድለኛ ነው ልበልህ? በአንድ ክልል፣ እንዲያውም በአንድ ወረዳ ውስጥ ያለ ወንዝ ነው። ባለቤቱ ይታወቃል።


ሕግ ነክ | ማክሰኞ

ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ መምህርቷ ችሮታ አልለመነችም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 መሠረት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው እሱ ነው። ቢሮው ነው ለምክር ቤቱ መልስ የሚሰጠው። እኛ አገር በተለምዶ ነገሩ ተገልብጦ ስለሚታይ ነው ጠያቂዋ ደፋር የምትመስለን። አንቀጽ 12ም ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይላል።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ለፌዴራል ፓርላማ ከአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ነው የሚመረጠው። ለክልል ምክር ቤት ግን ከዚያው አካባቢ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰው ይመረጣል። አማራ ክልል በፌዴራል ፓርላማ 138 መቀመጫ አለው፤ የክልሉ ምክር ቤት ግን 294 ነው። ኦሮሚያ 178፣ የክልሉ ምክር ቤት የሆነው ጨፌው ግን 537። ስለዚህ የኛ ተወካይ ማነው ሲባል መልሱ አንድ ሰው አይደለም። የወንዝ ማዶ ልጅ፣ ከመምህርቷ ጋር ከአካባቢህ የተመረጡት ሌሎቹ እነማን ናቸው? በዚያ ቀን የት ነበሩ? ሁለትና ሦስት ሆነው ቢያነሱት የአንድ ሴት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።


አዝመራ | ማክሰኞ ማታ

ልክ ነህ ሕግ ነክ፣ ግን የመጽሐፉን እያወራህ ነው። እኛ ጋ ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ራሱ የወረዳ ሹም ነው። ራሱን ነው የሚጠይቀው? ሹመቱን የሰጡትን ነው የሚጠይቀው?


የድሮ ተመራጭ | ማክሰኞ ሌሊት

ልጆቼ፣ እኔ አንድ ዘመን፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በክልል ምክር ቤት ተቀምጫለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አዝመራ ያነሳው ነገር እውነት ነው፣ አልሸፋፍነውም። ከኛ መካከል ብዙዎቹ የዞንና የወረዳ ኃላፊዎች ነበሩ። አስፈፃሚም ተቆጣጣሪም ሆኖ መቀመጥ ከባድ ነው። ሰው ጠዋት በሪፖርቱ ውስጥ ያለውን ሥራ ሠርቶ ከሰዓት ያንኑ ሪፖርት ሊተች አይችልም። ይሄ መስተካከል አለበት ብዬ ያኔም ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

ውስጡ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የክልል ምክር ቤት አባልነት የዘወትር ሥራ አይደለም። አስተማሪው ክፍሉን፣ ገበሬው እርሻውን ትቶ ነው የሚመጣው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት ተሰብስበን እንበተናለን። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የርዕሰ መስተዳድሩ ሪፖርት አለ፣ የፍርድ ቤት ሪፖርት አለ፣ አዋጅ አለ፣ ሹመት አለ። ጥያቄ የሚጠየቀው በቀሪው ሰዓት ነው። እጅ ያወጣ ሁሉ አይደርሰውም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ እጄን አውጥቼ አልደረሰኝም። አገሬ ስመለስ ሽማግሌዎቹ በቴሌቪዥን አላየንህም አሉኝ። ምን ልመልስ? ያን ቀን የበላሁት ምሳ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ አልዋጥ ብሎኝ ነበር።

ከጉባኤው በፊት ደግሞ በየዞኑ፣ በየፓርቲው መሰባሰብ አለ። ጥያቄ እንዳይደጋገም ተብሎ ይጨመቃል። የሦስት ቀበሌ ወንዝ እዚያ ሲደርስ የመሠረተ ልማት ክፍተቶች የምትል ሐረግ ሆኖ ይወጣል። መምህርቷ ቀበሌዎቹን በስም መጥራቷ ትልቅ ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው። በስም የተጠራ ቀበሌ በሐረግ አይዋጥም።

አሁን ዋናው ጥያቄህ። አዎ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤ አለ። የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይይዘዋል። ነገር ግን ቃለ ጉባኤ ብቻውን እግር የለውም። እግር የሚሰጠው ቋሚ ኮሚቴ ነው። ቋሚ ኮሚቴዎች በጉባኤዎች መካከል ለመስክ ምልከታ ይወጣሉ፣ ቢሮዎችን ይጠራሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ። የናንተ ወንዝ በኮሚቴው የመስክ ሪፖርት ውስጥ አንድ አንቀጽ ካገኘ በሚቀጥለው ጉባኤ ቢሮው ራሱ ሊያነሳው ይገደዳል። እኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ያሳካሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ጄኔሬተር። በቴሌቪዥን ተናግሬ አልነበረም ያመጣሁት። የኮሚቴው ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ጨለማው ክፍል ውስጥ ገብተው አዋላጇ በስልክ መብራት ስትሠራ ስላዩ ነው።

ስለዚህ አቤቱታ ጻፉ። ለቋሚ ኮሚቴው አድርጉት፣ ግልባጭ ለመንገድ ቢሮው፣ ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ግልባጭ ለተወካዮቹ ሁሉ። የቀበሌ ማኅተም ይኑረው። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጋችሁ ቁጥሩን ያዙ። ያን ቁጥር ለመምህርቷ ስጧት። በሚቀጥለው ስትነሳ በእጇ የምትይዘው ነገር ይኖራታል።


ሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ሕግ ነክ ስለ ሦስቱ ተወካይ ያለው ነገር አስገረመኝ፣ እዚህም እንዲያው ነውና። ሜሪላንድ 47 የምርጫ ወረዳ አላት፤ እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ተወካይ ይልካል። ጉባኤያቸው አናፖሊስ ነው፤ ከጥር ጀምሮ በዓመት 90 ቀን ብቻ ይቀመጣሉ።

አንድ ጊዜ በቤት ኪራይ ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ተናግሬያለሁ። በኢንተርኔት ተመዝግቤ፣ የተሰጠኝ ሁለት ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ግን ሰሙኝ፤ ቪዲዮው ዛሬም ድረስ ድረገጹ ላይ አለ። ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠም ይታያል። በዚያ ምክንያት ሕጉ ወዲያው ተለወጠ አልልም። በሚቀጥለው ዓመት ስሄድ ግን የተወካዩ ጸሐፊ በስሜ ጠራችኝ።

አገር ቤት አንድ ነገር ቢመጣ የምመኘው ይሄን ነው። ሰው ተወካይ እስኪናገርለት ከመጠበቅ ራሱ ኮሚቴ ፊት ሄዶ ሁለት ደቂቃ ይናገር። የአክስትህ ልጅ በራሷ አፍ ብትናገር የትኛው ኃላፊ ነው በጥናት ላይ ነው ብሎ የሚያልፋት?


መንገድ ሠሪ | ረቡዕ

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ የገጠር መንገድ ላይ ነው የሠራሁት። አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ምን ዓይነት ድልድይ ነው የጠየቃችሁት?

መኪና የሚያሳልፍ ድልድይ ከሆነ ዲዛይኑም ወጪውም ሌላ ነው፤ መዳረሻ መንገዱም አብሮ ይቆጠራል። መንገድ በሌለበት ቦታ የመኪና ድልድይ ማንም አያስቀድምላችሁም። ችግራችሁ ወላድ፣ ተማሪና ገበያተኛ ማሻገር ከሆነ ግን ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ አለ። በብረት ገመድ የሚሠራ ነው። በሀገራችን በየገጠሩ ብዙ ተሠርቷል፤ በቅሎና አህያም ያሳልፋል። ወጪው ከመኪናው ጋር አይወዳደርም። ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ማኅበረሰቡ ሲያዋጣ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ርዝመቱ ከመቶ ሜትር በላይ የሆነም አለ።

ድልድይ ይሠራልን ብሎ ብቻ መጠየቅ ለቢሮው በጥናት ላይ ነው ለማለት በር ይከፍታል። ለክታችሁ ጠይቁ። በጠባቡ ቦታ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሜትር ነው? የክረምቱ ውሃ እስከየት ነው የሚወጣው? ዛፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ የተወው ምልክት አለ፤ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፣ ያውቁታል። ዳርና ዳሩ አለት ነው ወይስ አፈር? ይሄን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከፎቶ ጋር አያይዙት።


አዝመራ | ረቡዕ ማታ

እሺ። የድሮ ተመራጭን፣ የጋሼን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኛ ከተማ ሦስት ጊዜ ጥያቄ ሲነሳ አንድም ጊዜ አቤቱታ ጽፈን ገቢ አላደረግንም። እውነቱን ልናገር። ተናገሩልን፣ አጨበጨብን፣ ቁጭ አልን። ነገ የሰፈሩን ሰዎች አናግራለሁ። ጋሼ፣ ለከተማ ውሃ የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ነው?


የድሮ ተመራጭ | ረቡዕ ሌሊት

ስያሜው ከክልል ክልል ይለያያል፣ አዝመራ። የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ውሃን የሚከታተለው ማነው ብለህ ብትጠይቅ ይነግሩሃል። ጉባኤ በሌለበት ወቅት ሂድ። ያኔ ሰው ያዳምጥሃል።


የወንዝ ማዶ ልጅ | ሰኞ

ይቅርታ፣ ለቀናት ጠፋሁ። አገር ቤት ወርጄ ነበር።

ጽሑፋችሁን በስልክ ለመምህርቷ አነበብኩላት። ረጅም ዝም አለች። ከዚያ ከጉባኤው በኋላ ማንም ደውሎላት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ከሦስቱ ቀበሌ አንድም ሰው፣ እኔም ጭምር። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ኮርቼባት አንድ ስልክ አልደወልኩም። አፈርኩ። ከአካባቢያችን አብሯት የተመረጠውን ሰው ራሷ እንደምታናግረው ቃል ገብታለች።

እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ወንዙ ዳር ተሰበሰብን። ወደ ሃምሳ ሰው ይሆናል። ገመድ ቀጥለን በጠባቡ ቦታ ለካነው፤ 34 ሜትር። የዘንድሮው ክረምት ምልክት ሾላው ላይ አለ፤ ጭቃው ደርቆ ቀርቷል፣ ከኔ ቁመት በላይ ነው። አንድ አዛውንት ግን ይሄ ምንም አይደለም ብለው ከፍ ያለች አለት አሳዩን። በልጅነታቸው ውሃው እዚያ ደርሶ አይተዋል። መንገድ ሠሪ እንዳልከው ሁለቱንም ጻፍናቸው። በኛ በኩል አለት ነው፣ በወዲያኛው አፈር።

አቤቱታውን የጻፈው የአክስቴ ልጅ ባል ነው፣ እጅ ጽሑፉ ያምራል። መጀመሪያ የፈረመችው እሷ ናት፣ ልጇን አዝላ። ሁለቱ ቀበሌዎች ማኅተም አድርገዋል። የሦስተኛው ሊቀመንበር ቀብር ሄዶ ስላልነበረ ሐሙስ እንጠብቀዋለን። ዓርብ ገቢ አድርጌ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ።